ቫቪሎቭ ዘራችንን ሰረቀ ወይስ አከበረን? ለአንዲት መምህርት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼን ለዓለም ትልቅ ሥራ ስለሠሩ ሩሲያውያን እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። አብዛኞቹ ጋጋሪንን፣ ሜንዴሌቭን ወይም ፓቭሎቭን መረጡ። ሁለቱ ግን ኒኮላይ ቫቪሎቭን መርጠው ክፍል ውስጥ ተፋጠጡ። ልጁ "ቫቪሎቭ አገራችን መጥቶ 250 ሺህ ዓይነት ዘር ሰርቆ ሄደ" ይላል። ልጅቷ ደግሞ "ስንዴና ገብስ ከኢትዮጵያ እንደመነጩ ያረጋገጠልን ታላቅ ሰው ነው" ትላለች። ሁለቱም ከኢንተርኔት ያገኙት ነው። የትኛው ትክክል ነው? የተወሰደው ዘርስ ሊመለስልን ይችላል?»

ምላሽ፦

ሁለቱም ተሳስተዋል። የልጁ ስህተት ግን ከልጅቷ ስህተት ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። ለምን እንደዚያ እንደምል እደርስበታለሁ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹም ቀኖቹም የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የስርቆቱን ነገር እንጨርሰው። የሰብል ዘር አጥኚው የዕፅዋት ሳይንቲስት ቫቪሎቭ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1927 መጀመሪያ፣ በእኛ 1919 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዙፋኑ ላይ ንግሥት ዘውዲቱ ነበሩ፤ አልጋ ወራሹና እንደራሴው ራስ ተፈሪ ናቸው። ኢትዮጵያና ሶቪየት ኅብረት የዲፕሎማሲ ግንኙነት የጀመሩት በ1943 ነው። ሰውየው እንግዲህ ኤምባሲ በሌለበት፣ ያውም ዛሩን ከነቤተሰቡ ከገደለ መንግሥት ነው የመጣው። ንጉሣዊ አገር ውስጥ እንዲህ ያለ እንግዳ በጥርጣሬ ቢታይ አይገርምም። ተደብቆ ግን አልገባም። ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ ደረሰ፣ ሐረር አካባቢን አየ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ገባ። ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት። ስለ አብዮቱና ስለ ዛሩ ቤት ዕጣ በጉጉት እንደጠየቁት ራሱ ጽፎታል። ፈቃድ አግኝቶ በቅሎ ጭኖ ወደ ሰሜን ተጓዘ። ጎንደርንና አክሱምን አልፎ አስመራ ደረሰ። በየደረሰበት ከማሳ፣ ከአውድማና ከገበያ እፍኝ እፍኝ ዘር ይሰበስብ ነበር።

የመጀመሪያውም እሱ አልነበረም። አሜሪካዊው የገብስ ተመራማሪ ሃሪ ሃርላን በ1923 እዚሁ መጥቶ ገብስ ሰብስቦ ሄዷል። በዚያ ዘመን ዘር የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። አገሮች በገዛ ዘራቸው ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸው በዓለም አቀፍ ስምምነት የታወቀው በ1992 የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ሲፈረም ነው። ይህም ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። በሕግም በአገባብም ቫቪሎቭ ሌባ የሚያሰኘው ነገር የለም።

250 ሺህ የተባለውም ተምታቷል። ያ ቁጥር ቫቪሎቭ ይመራው የነበረው የሌኒንግራድ የዕፅዋት ምርምር ተቋም እስከ 1940 ገደማ ከመላው ዓለም የሰበሰበው ጠቅላላ ስብስብ ነው። ከአፍጋኒስታን፣ ከቻይና፣ ከጃፓን፣ ከሜክሲኮ፣ ከፔሩና ከሌሎችም የተሰበሰበ ማለት ነው። አንድ ሰው በጥቂት ወራት የበቅሎ ጉዞ ሩብ ሚሊዮን ናሙና ይጭናል ብሎ ማሰብ ራሱ ይከብዳል። ተማሪዎ ቁጥሩን ይዞ ማስቆጠር ሲጀምር መጀመሪያ «ስንት በቅሎ?» ብለው ይጠይቁት።

እውነተኛ የዘር ዘረፋ ማየት ከፈለገ ሌላ ታሪክ አለ። በ1943 የናዚ ጀርመን የታጠቀ ክንፍ የሆነው ኤስኤስ ሄይንዝ ብሩኸር በሚባል የዕፅዋት ሳይንቲስት የሚመራ ቡድን ልኮ፣ በዩክሬንና በክራይሚያ ከነበሩ የሶቪየት ምርምር ጣቢያዎች ዘር አግዞ ወሰደ። የተዘረፈው የቫቪሎቭ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡት ነበር። ወደ እኛም ስንመጣ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በ1937 እና 38 አንድ የጀርመን ቡድን ኢትዮጵያ ውስጥ ገብስ ሰብስቧል። ፈቃዱን ማን እንደሰጠው መገመት አያዳግትም። ተማሪዎ ቁጣው ትክክል ነው፤ አድራሻውን ነው የሳተው።

አሁን ወደ ልጅቷ። ስንዴና ገብስ ከኢትዮጵያ አልመነጩም። ቫቪሎቭም አላረጋገጠም።

ይህ እንዴት እንደተምታታ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የሰውየው ትልቁ ሐሳብም ትልቁ ስህተትም እዚሁ ላይ ተቀምጠዋል። ቫቪሎቭ በ1926 ባሳተመው ሥራ ያነሳው ጥያቄ ቀላል ነው፤ የምንበላቸው ሰብሎች መጀመሪያ የት ተለመዱ፣ ማለትም ሰው ከዱር አውጥቶ መዝራት የጀመረው የት ነው? መልሱን ለማግኘት የተጠቀመበት መንገድም ግልጽ ነው። አንድ ሰብል በጣም ብዙ ዓይነት ሆኖ የሚገኝበትን ቦታ ፈልግ፤ የተወለደው እዚያ ነው። ብዙ ዓይነት ለመፍጠር ብዙ ዘመን ያስፈልጋል የሚል ስሌት ነው። በዚህ መንገድ ዓለምን በጥቂት ማዕከሎች ከፈለ። ከእነሱ አንዱን አቢሲኒያ አለው። አገሩ በቆዳ ስፋቱ ትንሽ ቢሆንም የእህሉ ልዩነት እጅግ አስደንቆት ነበር። በ1931 ስለ አቢሲኒያ ስንዴዎች ብቻ ራሱን የቻለ ሥራ አሳትሟል።

ስሌቱ ለብዙ ሰብሎች ሠርቷል፤ ለሁሉም ግን አልሠራም። የዱር ስንዴና የዱር ገብስ በተፈጥሮ የሚበቅሉት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ፣ በሶሪያ፣ በፍልስጤምና በእስራኤል፣ በኢራቅ አካባቢ። የአርኪዮሎጂ ቁፋሮም የዛሬ 10 ሺህ ዓመት ገደማ የተለመዱት እዚያ መሆኑን ያሳያል። ወደ እኛ ደጋ የመጡት ከዚያ በኋላ፣ ተለምደው ካበቁ በኋላ ነው። የመጀመሪያ መነሻና ብዙ ዓይነት የበዛበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ቫቪሎቭ ራሱ ሁለተኛ ደረጃ ማዕከል ስለሚባል ነገር መጻፍ ጀምሮ ነበር። ሐሳቡን በደንብ የፈተነው ግን በ1971 ጃክ ሃርላን ነው። ጃክ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የሃሪ ሃርላን ልጅ ነው። ቫቪሎቭ አሜሪካ ሲሄድ እቤታቸው ይስተናገድ ነበር፤ ልጁም ሩሲያ ሄዶ ከእሱ ሥር የመማር ሕልም ነበረው። የእንግዳውን ሐሳብ አርባ ዓመት ቆይቶ ያረመው የዚያው ቤት ልጅ መሆኑ ደስ ይለኛል።

ታዲያ የእኛ የሆነው ምንድን ነው? ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰት፣ ጎመን ዘርና አረቢካ ቡና። በእነዚህ ላይ ክርክር የለም ማለት ይቻላል። ዳጉሳንና ማሽላን ከጎረቤቶቻችን ጋር እንጋራቸዋለን። ለልጅቷ ይህ ይበቃታል። ስንዴን መጨመር ሳያስፈልጋት የምትኮራበት ሞልቷል።

ነገር ግን ስንዴውና ገብሱ ከውጭ መጡ ማለት የእኛ ድርሻ ትንሽ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። ለዝርያ አሻሻይ ባለሙያ ሰብሉ የት ተወለደ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚጠቅም ልዩነት የት አለ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ገብስን ተቀብሎ በሺዎች ዓመታት ውስጥ ሌላ ነገር አድርጎታል። በወይና ደጋ የሚዘራ አለው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ውርጭ የሚችል አለው። ለቆሎ ሌላ፣ ለጠላ ሌላ፣ ለበሶ ሌላ። አንድ እፍኝ የደጋ ገብስ ወስደው ነጭ ወረቀት ላይ ይበትኑት። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ሐምራዊ መሰሉ፣ ገለባው የሙጥኝ ያለውና ቶሎ የሚላቀቀው አብሮ ይወጣል። የፋብሪካ ሰው ይህን «ያልጠራ ዘር» ይለዋል። ገበሬው ግን ሆን ብሎ ያስቀመጠው ነው። ዝናቡ ቢቀር አንዱ፣ ውርጩ ቢበረታ ሌላው ይተርፍለታል።

ያ የጀርመን ቡድን የወሰደው ገብስ በኋላ ምን እንደሆነ ልንገርዎት። የገብስ ቅጠል ላይ ነጭ ብናኝ እየነሰነሰ ምርቱን የሚበላ የሻጋታ በሽታ አለ፤ አውሮፓ ውስጥ ዋና ራስ ምታት ነው። ከእነዚያ የኢትዮጵያ ገብሶች ውስጥ ኤምኤልኦ 11 የሚባል ዘረ መል ተገኘ። በሽታው ይህን ዘረ መል ለአሥርት ዓመታት ሰብሮ ማለፍ አልቻለም፤ ይህ በበሽታ መቋቋም ታሪክ ውስጥ ብርቅ ነው። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ በፀደይ የሚዘሩ ብዙ የገብስ ዝርያዎች ይህንኑ ይዘው ነው የሚበቅሉት። ካሊፎርኒያ ውስጥም ገብሱን ቢጫ እያደረገ የሚያቀጭጭ ቫይረስ ሲያስቸግር ከዓለም የተሰበሰቡ ገብሶች በሺዎች ተፈተሹ። ጠንካራ መቋቋም ያሳዩት በአብዛኛው የኢትዮጵያ ገብሶች ነበሩ። አውሮፓ የሚጠጣው ቢራ ውስጥ የወሎም ይሁን የሸዋ ገበሬ እጅ አለበት። ስሙ ግን የትም አልተጻፈም፤ አምስት ሳንቲምም አልደረሰውም። የልጁ ስህተት ለእውነቱ ይቀርባል ያልኩት ለዚህ ነው። ሌብነት ላይኖር ይችላል፤ ያልተከፈለ ዕዳ ግን አለ።

ወደ ቫቪሎቭ እንመለስ። ተማሪዎችዎ ስለ ሳይንሱ እንዲጽፉ ከፈለጉ የአክሱሙን ነገር ያስተምሯቸው። ከማዕከሎቹ ሐሳብ በፊት፣ በ1920 ሳራቶቭ ከተማ ውስጥ አንድ ሕግ አቅርቦ ነበር። የሚቀራረቡ ዕፅዋት የሚለያዩትም በተመሳሳይ መንገድ ነው ይላል። የዳቦ ስንዴ በዛላው ላይ እንደ ጺም የቆመ ሹል ያለውም የሌለውም ዓይነት አለው። ገብስም እንደዚሁ። እንግዲያው የፓስታ ስንዴ የሚባለው ዱረምም ሹል አልባ ዓይነት ሊኖረው ይገባል። ያኔ ግን የሚታወቀው ዱረም ሁሉ ሹል ያለው ነበር። ሰውየው ያላየውን ነገር አለ ብሎ ጻፈ ማለት ነው። ከዚያ በ1927 በቅሎውን እየነዳ ወደ አክሱም ሲጠጋ ገበሬ ማሳ ውስጥ ሹል የሌለው ዱረም ስንዴ አገኘ። ሜንዴሌቭ በኬሚካል ሰንጠረዡ ላይ ባዶ ቦታ ትቶ፣ ያልተገኙት ንጥረ ነገሮች ቆይተው እንደተገኙት ማለት ነው። ሜንዴሌቭን የመረጡት ተማሪዎች ከዚህኛው ቡድን ጋር ቢያወሩ ጥሩ ውይይት ይወጣቸዋል። በነገራችን ላይ «ሜንዴሌቭ ቮድካን 40 ዲግሪ አደረገ» የሚል ጽሑፍ ካመጡልዎ ይሰርዙት፤ ተረት ነው።

ሕጉ ዛሬም ይሠራል? በከፊል። ቫቪሎቭ ሲጽፈው ዲኤንኤ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ምክንያቱን እናውቃለን፤ የሚቀራረቡ ዕፅዋት የሚጋሯቸው ዘረ መሎች ስላሉ አንድ ዓይነት ለውጥ በሁለቱም ላይ ሊከሰት ይችላል። ሁሉም ለውጥ ግን በሁሉም ዝርያ ላይ ይገኛል ማለት አይደለም። እንደ ፍለጋ ካርታ ይጠቅማል፤ እንደ ፊዚክስ ሕግ አይወሰድም።

የሰውየው መጨረሻ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ላይ እየተጋነነ ነው። ፍሬ ነገሩ ግን ማጋነን አያስፈልገውም። በ1930ዎቹ ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል የግብርና ሰው ተነሳ። ዘረ መል የሚባል ነገር የለም፣ ዘርን በብርድና በእርጥበት አስለምጄ በአጭር ጊዜ ምርት አበዛለሁ ይል ነበር። አዲስ ዝርያ ለማውጣት አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ከሚል ሳይንቲስት ይልቅ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚል ሰው ለስታሊን ይጥማል። ያውም የገበሬው መሬት በግድ ተወስዶ አገሩ በረሃብ በሚታመስበት ጊዜ። ቫቪሎቭ ተከራከረ፤ ቀስ በቀስም ከሥልጣኑ ወረደ። ነሐሴ 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ፍለጋ ላይ ሳለ ተያዘ። ክሱ ለእንግሊዝ ሰላይነትና የሶቪየት ግብርናን ማበላሸት ነው። ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር መዞሩ ለክሱ ማገዶ ሆነ። በሐምሌ 1941 ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስር ቢቀየርም አልጠቀመውም። ጥር 26 ቀን 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። ሳራቶቭ ያን ሕጉን ያቀረበባት ከተማ ናት። ክፍሉን ለሚጋሩት እስረኞች ስለ ዕፅዋት ሲያስተምር እንደነበር በሕይወት የተረፉት መስክረዋል። ስሙ የተመለሰለት በ1955 ነው።

በዚሁ ጊዜ ሌኒንግራድ፣ የዛሬዋ ቅዱስ ፒተርስበርግ፣ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። ከበባው ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ቆየ። በመጀመሪያው ክረምት ለብዙ ነዋሪ የሚደርሰው የቀን ዳቦ 125 ግራም ነበር፤ ያውም ግማሹ ዱቄት ያልሆነ። የተቋሙ ሠራተኞች ግን በቶን የሚቆጠር ሩዝ፣ ኦቾሎኒ፣ አተር፣ ስንዴና በቆሎ ላይ ተቀምጠዋል። አልበሉትም። ክፍሎቹን ቆልፈው፣ ተራ እየጠበቁ፣ አይጥ እያባረሩ ጠበቁት። የኦቾሎኒው ባለሙያ አሌክሳንደር ሽቹኪን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሞተ። የሩዙ ባለሙያ ዲሚትሪ ኢቫኖቭና የአጃዋ ባለሙያ ሊሊያ ሮዲናም በረሃብ አለፉ፤ ሌሎችም። አለቃቸው እስር ቤት እየተራበ መሆኑን አያውቁም። ስለ ሟቾቹ ብዛት ተማሪዎችዎ የተለያየ ቁጥር ያመጡልዎታል። ከቁጥሩ ጋር አይታገሉ። ስማቸው የታወቁትን ሦስቱን ቢጽፉ ይበልጣል።

እኔ ከቫቪሎቭ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ የትኛው ነው ብባል ሕጉንም ማዕከሎቹንም አልልም። የዘር ስብስቡን ነው የምለው። ከእሱ በፊት ሰው ዘር የሚሰበስበው ለዛሬ የሚጠቅመውን መርጦ ነበር። እሱ ግን ዛሬ ጥቅሙ የማይታወቀውንም ጨምሮ ሰበሰበ። ምን በሽታ፣ ምን ድርቅ እንደሚመጣ ስለማናውቅ ሁሉም ይቀመጥ ማለቱ ነው። ዛሬ በየአገሩ ያለው የጂን ባንክ፣ ማለትም የዘር ማከማቻ፣ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው፤ የእኛም ጭምር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ዘሩ ሊመለስ ይችላል? ተቋሙ ቅዱስ ፒተርስበርግ ውስጥ ዛሬም በቫቪሎቭ ስም እየሠራ ነው፤ ናሙና በይፋ መጠየቅም ይቻላል። ግን ምን እንደሚመለስ አስቀድመው ይረዱ።

በ1927 የተወሰደው ፍሬ ራሱ የለም። በተራ ክፍል የተቀመጠ የእህል ዘር ከጥቂት ዓመታት በኋላ መብቀል ያቆማል። በየጊዜው እየተዘራ መታደስ አለበት። ያለው እንግዲህ የልጅ ልጅ ልጅ ነው፤ ያውም በሌላ አየር፣ በሌላ አፈር የታደሰ። የእኛ ሰብል ከ12 ሰዓት ብዙ የማይርቅ ቀን ለምዷል። ሌኒንግራድ ውስጥ በሰኔ ቀኑ ወደ 19 ሰዓት ይጠጋል። እንዲህ ባለ ቦታ ሲዘራ አንዳንዱ ሳያፈራ ይቀራል፤ ያፈራው ብቻ ወደ ቀጣዩ ዙር ያልፋል። ከእያንዳንዱ ናሙና የሚዘራው ጥቂት ፍሬ ከሆነ ደግሞ ብርቅዬው ዓይነት በዕጣ ይጠፋል። እፍኝ ሙሉ የነበረው ልዩነት እየሳሳ ይሄዳል። የተመለሰው ዘር የአያቶችዎ ማሳ ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ደግሞም እፍኝ ዘር ሲወሰድ ማሳው አልተራቆተም። ገበሬው በዓመቱ መልሶ ዘርቶታል። የአገር ውስጥ ዘር የተመናመነው በሌላ ምክንያት ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ቤተሰብ ለዘር ያስቀመጠውን ቀቅሎ በልቷል፤ ምን ምርጫ ነበረው? ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንድ ዓይነት «ምርጥ ዘር» ሰፊ ቦታ ሸፍኖ ስብጥሩን ተካ። ምርጥ ዘርን እየኮነንኩ አይደለም። ምርት ይጨምራል፤ ሕዝቡም ይበላል። ግን ነባሩ ሳይቀመጥ አዲሱ ሲተካ የጠፋው ጠፋ ነው። ይህን ቀድመው ያዩት ዶ/ር መላኩ ወረደ ናቸው። በ1976 አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመው የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል ውስጥ ለዓመታት ዳይሬክተር ሆነው ሠሩ። በድርቁ ጊዜ ከገበሬው ዘር እያሰባሰቡ አተረፉ። ዘሩ ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ገበሬው ማሳ ላይ መኖር አለበት ብለው ተከራከሩ። በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት ለዚህ ነው። ማዕከሉ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሆኗል። ተማሪዎችዎ ስለ ሩሲያዊው ጽፈው ስለ ዶ/ር መላኩ ካልጻፉ ሥራው ጎደሎ ነው እላለሁ።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ጉልበታችንን ሩሲያ ያለውን በማስመለስ ላይ አናፍስስ። እዚህ የሌለ፣ እዚያ ግን የተረፈ ዓይነት መኖሩ በጥናት ከታወቀ በኢንስቲትዩቱ በኩል ይጠየቅ። ከዚያ ውጪ ያለው ሥራ ማሳችን ላይ ያለውን ሳይጠፋ መመዝገብና መዝራት ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፣ ዘር በፖስታም በሻንጣም አይላክ፣ አይምጣም። ከውጭ የሚመጣ ዘር ኳራንቲን ሳያልፍ ከገባ እዚህ የሌለ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። ወደ ውጭ ለመውጣትም በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ፈቃድ ይጠይቃል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ዘመድ ጓሮው ውስጥ ጤፍ ሊሞክር «እስቲ ትንሽ ዘር ላኩልኝ» ሲል ነገሩ ቀላል ይመስላል። አይደለም። ሁለተኛ፣ የዛሬውን አደጋ በ1919 ዓ.ም. መነጽር አይዩት። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ውል ተዋውሎ ጤፍ ወሰደ፤ ከዚያ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ አውሮፓ ውስጥ ፓተንት፣ ማለትም የብቸኛ ተጠቃሚነት መብት፣ አወጣ። ኩባንያው ከሰረ፤ ኢትዮጵያም ይህ ነው የሚባል ነገር ሳታገኝ ቀረች። ፓተንቱን ሄግ ያለ ፍርድ ቤት ሆላንድ ውስጥ ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ውሉ የተፈረመው በሕጋዊ መንገድ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ቫቪሎቭ በበቅሎ ጭኖ ከወሰደው ይልቅ ይህ ብዙ ያስተምራል።

ለክፍሉ ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። ክርክሩን «ሌባ ነው ወይስ ጀግና» ከሚለው ያውጡት። ልጁ ለቢራው ገብስ ማን ምን መክፈል እንዳለበት ይጻፍ። ልጅቷ ስንዴ ከየት መጥቶ እዚህ ምን እንደሆነ ትጻፍ። ቀሪው ክፍል ደግሞ ከየቤተሰቡ፣ ገጠር ያሉ አያቶች ካሉም ከእነሱ፣ የአካባቢውን ገብስና ስንዴ ስም ይሰብስብ። ጥቁር ገብስ፣ ሰነፍ ቆሎ፣ ማውጌ እያለ ስሙ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ለምን እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚደርስ፣ ዛሬ ማን እንደሚዘራው ይጻፍ። «ድሮ ነበር፣ አሁን የለም» የተባለውን ለብቻ ያስቀምጡት። አንድ ገበሬ ብቻ የቀረው ዓይነት ካጋጠማችሁ ዘሩን ራሳችሁ አትውሰዱ፤ የገበሬውን ፈቃድ ጠይቃችሁ ቀበሌውን፣ የዘሩን ስምና የሚሰበሰብበትን ወር ጽፋችሁ ለኢንስቲትዩቱ አሳውቁ። ከመታጨዱ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ባለሙያ ሲመጣ ሰብሉን ከነዛላው ማየት ይፈልጋል።